ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ፦ የማሽንን ጠባይ ከማሽን ሕመም ለይቶ ስለማወቅ

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የምትገኝ ቀበሌ ናት። ከጋሞ ደጋ የመሬት ጥበት ገፍቷቸው ወደ ቆላው የወረዱ ገበሬዎች በዚህ አካባቢ በቆሎ፣ ጥጥና ሙዝ ያመርታሉ። ይሁን እንጂ ቆላው ለሰው ወባን፣ ለከብት ደግሞ ገንዲን ይዞ የሚጠብቅ በመሆኑ ከደጋ የወረደ ጥማድ በሬ ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ያልቃል። የትራክተር ጥያቄ በሰፋሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው ከቅንጦት ሳይሆን ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

አዲስ ትራክተር ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ማኅበር ወይም የዕርዳታ ድርጅት ያገለገለውን ይፈልጋል። ለዚህ ከሚታሰቡት ያገለገሉ ትራክተሮች መካከል ማሴይ ፈርጉሰን 135 እና 165፣ ፊያት፣ እንዲሁም ቤላሩስ ኤም.ቴ.ዜ. 80 ይጠቀሳሉ። የቤላሩስ ትራክተሮች በ1970ዎቹ ዓ.ም. በናዝሬት (አዳማ) ፋብሪካ ይገጣጠሙ ስለነበር በአገራችን በብዛት ተሠራጭተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መካኒክ ያልሆነ፣ ነገር ግን የግዢ ውሳኔ ላይ የሚፈርም ኃላፊ ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አስነሥቶም ያስኬደዋል። ጭራውን የሚወራጭ በሬ ጠባዩ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያነክሰውን ግን አይገዛም። በትራክተርም ረገድ እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ድምፅ የማሽኑ ጠባይ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕመም ነው። ሁለቱን ያልለየ ገዥ ጤናማውን ትቶ በሽተኛውን ይዞ ይመለሳል።

1ኛ/ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ማሳሰብ ያስፈልጋል። በቦታው እንደደረሱም በመጀመሪያ እጅን በሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ምክንያቱ ይጠየቅ። ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት አብሮት የሄደ የገዥ ኮሚቴ «ጊዜያችሁን ለመቆጠብ አስነሥተን ቆየናችሁ» የሚል መልስ ተሰጥቶት በደስታ ተቀብሏል። ትራክተሩ ቆላ ከደረሰ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሰው ካልተገፋ የማይነሣ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን የዘር ዝናብም ጥላ ሥር ቆሞ አሳለፈው።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያው ተስቦ ይታያል። ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል ማለት ነው። በራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት መንሳፈፉም የዚሁ ምልክት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት አካል ላይ የብየዳ ጠባሳ ቢገኝ ትራክተሩ ከባድ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የአየር ማጣሪያው ተከፍቶ፣ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ አቧራ ካለ፣ ያ አቧራ ፋሻውንና ፒስተኑን ሲበላ ቆይቷል። የሰዓት ቆጣሪው ተሰብሮ ወይም ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የፔዳሎቹን መበላት ማየት የበለጠ እውነቱን ይናገራል።

2ኛ/ የጭሱ ቀለም

ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ ጭስ የሚያሳስብ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ግን ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም ወይም ውኃ ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ደግሞ የኖዝል ወይም የናፍጣ ፓምፕ ብልሽትን፣ የአየር እጥረትን ወይም ከልክ ያለፈ ጭነትን ያሳያል።

እዚህ ላይ የቦታውን ከፍታ ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር፣ ላንቴ ግን ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ በጭነት ጊዜም ጥቁር ጭሱ ይጨምራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ መጠነኛ ጥቁር ጭስ ያሳየ ትራክተር በቆላው ሊሻለው ይችላል። በአንጻሩ በደጋው ብርድ ያልጋለ ራዲያተር በላንቴ የቀትር ሙቀት ሊፈላ ይችላል።

3ኛ/ ሕመም የሚመስሉ ጠባዮች

ሀ/ የኤም.ቴ.ዜ. 80 ሞተር በዘይት ግፊት የሚሽከረከር የዘይት ማጣሪያ አለው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከግማሽ ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ የሚሰማው እዝዝታ የዚህ ማጣሪያ ድምፅ ነው። ብዙ ገዥዎች ይህን ሰምተው ይደነግጣሉ። የሚያሳስበው ግን ድምፁ አለመሰማቱ ነው፤ ማጣሪያው ታፍኗል ወይም የዘይቱ ግፊት ደክሟል ማለት ነውና።

ለ/ የዚሁ ትራክተር ካምቢዮ 18 የፊት ማርሾች ያሉት ሲሆን፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ለአፍታ ካልተጠበቀ ይንጫጫል። ታግሶ ለሚነዳው ሰው ጸጥ የሚል ከሆነ ጤነኛ ነው።

ሐ/ መልቲ ፓወር የተባለ ካምቢዮ የተገጠመላቸው ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች በዝቅተኛው ምርጫ ሲነዱ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይዛቸውም፤ በነፃ ይንደረደራሉ። አሠራሩ እንጂ ብልሽት አይደለም። ሆኖም ከጨንቻ ተጎታች ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ይህን ካላወቀ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ከቁልቁለቱ በፊት ወደ ከፍተኛው ምርጫ መለወጥ እንዳለበት ከርክክቡ በፊት ሊነገረው ይገባል።

4ኛ/ በጠባይ ስም የማይታለፉ ሕመሞች

ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት ግፊት ጠቋሚው ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ብሮንዚኖቹ ተበልተዋል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ በግፊት የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቋል። በእነዚህ ላይ «ዱሮም እንዲህ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ተቀባይነት የለውም። የፊት እግሩ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲወዘወዝ የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን የሚጠገን ስለሆነ ከዋጋው ይቀነሳል።

5ኛ/ የሥራ ፈተና

በግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መንዳት ፈተና አይደለም። ማረሻ ተገጥሞለት፣ በቀትር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረስ። ማረሻው ተነሥቶ ሞተሩ ሲጠፋ በደቂቃ ውስጥ መሬት የሚነካ ከሆነ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። ከሥራው በኋላ የራዲያተሩ ሙቀት፣ የካምቢዮው ድምፅና በቆመበት መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ሁሉ ይመዝገብ። በመጨረሻም የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ይመሳከሩ።

6ኛ/ ከግዢው በኋላ ያለው ጥያቄ

በ1978 ዓ.ም. በኢጣሊያ ዕርዳታ የተጀመረው የጣና በለስ የሰፈራ ፕሮጀክት በብዙ ማሽን ይታረስ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጋር የውጭ ባለሙያዎቹ ሲወጡ ነዳጁ፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ ስላነሰ ሰፋሪው በእጁ ባለው መሣሪያ ማረስ ግድ ሆነበት። ስለሆነም ከሁለት ትራክተሮች መካከል በመጠኑ ያረጀው፣ ነገር ግን ፍልትሮውና ኖዝሉ በአርባ ምንጭ ወይም በሻሸመኔ የሚገኝለት፣ በአካባቢው የሚያውቀው መካኒክ ያለው ይመረጥ። ከበጀቱም የተወሰነው ለመለዋወጫ ተቀንሶ ይቀመጥ።

በላንቴ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በመጋቢት የቆመ ትራክተር በሰኔ ቢጠገን ለዚያ ዘመን ዘር አይደርስም። በግዢው ቀን አንድ ሰዓት ታግሶ ያልመረመረ ኃላፊ፣ የሰፋሪውን የአንድ ወቅት እህል ከሻጩ ግቢ ጥሎ እንደተመለሰ ሊቆጠር ይገባዋል።