ስለ ታማኝ መዝገብ፤ የመንዝ በግ ከጋጣ እስከ ገበያ

ሰው በጉን ነድቶ ወይም እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ ሲወጣ ከዕቃው ጋር ቃልም አብሮ ይወጣል። ይኸውም ዕቃው ከየት እንደ መጣ፥ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፥ ክብደቱም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚነገረው ነው። ቃሉ እውነት ሲሆን ሻጭም ገዢም ይጠቀማሉ። ሐሰት ሲሆን ግን ጉዳቱ በአንድ ቀን ገበያ አያበቃም፤ እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በመንዝ በግ ምሳሌ እንመልከት።

የመንዝና የግሼ ደጋ ብርድና ውርጭ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ገብሱ በውርጭ ሲመታ ባላገሩን የሚያድነው በጉ ነው። ሥጋው ምግብ፥ ጠጕሩ ባና፥ ዋጋውም እህልና ልብስ መግዣ ይሆናል። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ችግር አለ። ባላገሩ ገንዘብ በቸገረው ጊዜ ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት አስቀድሞ ይሸጣል፤ ደኅና ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነውና። በመንጋው ውስጥ ቀርቶ የሚያስወልደው ቀርፋፋው ይሆናል። ይህም መልካሙን እህል በልቶ ግርዱን እንደ መዝራት ነው፤ መንጋው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

ይህን ለማቃናት በ2001 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፥ ኢካርዳና ኢልሪ ከተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋሞች ጋር፥ በቪየና ከተማ ካለውም የግብርና ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ የማኅበር እርባታ አስጀመረ። እንዲህ ያለው ሥራ በቦንጋ፥ በሆሮና በአፋር በጎችም ተጀምሮአል። አሠራሩ ይህ ነው። ግልገል ሲወለድ ቍጥር ያለበት ምልክት በጆሮው ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፥ የእናቱና የአባቱ ቍጥር፥ ክብደቱም ይጻፋል። በ3 ወርና በ6 ወር እንደ ገና ይመዘናል። ከዚህ መዝገብ መልካም ዘር ያላቸው ጠቦቶች በስሌት ይለያሉ። ከዚያም ጠቦቶቹ በአንድነት ቀርበው የማኅበሩ ሰዎች መልካቸውን፥ ቀንዳቸውንና ጅራታቸውን አይተው ይመርጣሉ። የተመረጠውም አውራ በጋራ ለመንጋዎች ሁሉ ያገለግላል።

አሁን ይህን ስሌት በጥቍር ሰሌዳ ላይ እናድርገው። ሁለት ጠቦቶች ሲወለዱ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ነበሩ። በአንድ ቀን ሲመዘኑ የ100 ቀኑ 10 ኪሎ፥ የ80 ቀኑ ደግሞ 9 ኪሎ ከ200 ግራም ሆኑ። ለዓይን የሚበልጠው ፊተኛው ነው። ነገር ግን ፊተኛው በቀን 80 ግራም ሲጨምር ሁለተኛው 90 ግራም ጨምሮአል፤ ስለዚህ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። የሁለተኛው የልደት ቀን በግምት 20 ቀን ወደ ኋላ ተጽፎ ቢሆንስ? ያን ጊዜ በቀን 72 ግራም ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ መልካሙ አውራ ለቢላዋ ይሰጣል፥ የሚያንሰውም አባት ይሆናል። በአንድ መስመር የተሳሳተ ቍጥር የብዙ ቤት መንጋ ያበላሻል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ይህ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በተንቀሳቃሽ ስልክና በኮምፒዩተር መመዝገብ መጥቶአል። ይህንም ዲጂታል መዝገብ ይሉታል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከመንደር የተጻፈው በቅጽበት ከሩቅ ይታያል፥ ስሌቱም ፈጥኖ ይደርሳል። ነገር ግን መሣሪያው እውነትን ከሐሰት አይለይም። የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንድ ፊደል ቢገድፍ፥ ከእርሱ የሚቀዱት ሁሉ ያንኑ ግድፈት ይዘው ይሄዳሉ። ስልክም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ግድፈቱን በዓመት ሳይሆን በደቂቃ ማብዛቱ ነው።

ይህ ነገር የበግ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እህሉንና ቡናውን በመጋዘን አስመዝኖ፥ ደረጃውንም አስለይቶ በደረሰኝ ያገበያያል። ገዢው ጆንያውን ሳያይ የሚገዛው ሚዛኑንና ደረጃውን ስላመነ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ዓ.ም. ቡና ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ፥ የበቀለበትም ቦታ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ የሚያዝ ሕግ አውጥቶአል። የመርሐ ቤቴ ጤፍና ማሽላም ከአለም ከተማ ተጭኖ ሲሄድ እውነተኛ መዝገብ ቢከተለው፥ ገበሬው ለጥሩ ሥራው የሚገባውን ዋጋ ለመጠየቅ ማስረጃ ይኖረዋል።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎች እነዚህን አራት ደንቦች ያስተምሩ።

አንደኛ፤ የሆነውን በሆነበት ቀን መጻፍ፤ ነገ አስታውሳለሁ ማለት የስሕተት መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛ፤ ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ ነገር ፈትኖ መመዘን፤ ያልተመዘነውን አልተመዘነም ብሎ መጻፍ እንጂ በግምት አለመሙላት።

ሦስተኛ፤ ስሕተት ቢገኝ አለመፋቅ፤ በላዩ መስመር አስምሮ ትክክለኛውን ከምክንያቱ ጋር በአጠገቡ መጻፍ።

አራተኛ፤ የተጻፈውን ለባለ ከብቱ ማንበብ፤ መዝገቡም ለማን እንደሚሄድ ነግሮ ፈቃዱን መጠየቅ።

ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተም ድርሻ አላችሁ። የጓሳን ሣር አባቶቻችን በጋራ ደንብ ዘግተው በጊዜው ሲከፍቱ የኖሩት፥ አንዱ በስውር ቢያጭድ ሁሉ እንደሚጐዳ ስላወቁ ነው። መዝገብም እንደ ጓሳ የጋራ ሀብት ነው። በጉ እንዲመረጥለት ብሎ ቀን የሚለውጥ ሰው ቢኖር፥ ጐረቤቱን እንደሚጐዳ አውቆ እንዲታረም ምከሩት። ልደቱን ያየ ጐረቤት ምስክር ቢሆን ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

ለተማሪዎች ጥያቄ።

1. ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ሁልጊዜ አስቀድሞ መሸጥ መንጋውን ለምን ይጐዳል?

2. ሲወለድ 2 ኪሎ የነበረ ጠቦት በ90 ቀን 9 ኪሎ ከ200 ግራም ቢሆን በቀን ስንት ግራም ጨመረ?

3. የልደት ቀኑን የረሳ ባለ ከብት ቢኖር በመዝገቡ ምን ይጻፍ?