ታማኝ ደጋፊ ማን ነው? ከቺካጎ የቤዝቦል ሜዳ የሚገኝ ትምህርት



ሜይ 8 ቀን 2025 ካርዲናል ሮበርት ፕሬቮስት ሊዮን 14ኛ ተብለው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው በተመረጡ ጊዜ፣ የተወለዱባት የቺካጎ ከተማ ሕዝብ በደስታው መካከል አንድ ጥያቄ አነሣ። ጥያቄውም «የሚደግፉት የትኛውን የቤዝቦል ቡድን ነው?» የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለእንግዳ ሰው እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል። በቺካጎ ግን ይህ ጥያቄ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ከማለት ብዙም አይለይም። ከተማይቱ ሁለት ታላላቅ ቡድኖች አሏት፤ በሰሜኑ ወገን ካብስ፣ በደቡቡ ወገን ኋይት ሶክስ ይገኛሉ። በመጀመሪያ አዲሱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የካብስ ደጋፊ ናቸው ተብሎ ተወራ። ወንድማቸው ግን ወሬውን አስተባብለው፣ የሚደግፉት ኋይት ሶክስን እንደሆነ ለጋዜጠኞች አስረዱ። ብዙም ሳይቆይ ኦክቶበር 22 ቀን 2005 የተቀረጸ የቴሌቪዥን ምስል ተገኘ። በዚያን ጊዜ የቅዱስ አውጎስጢኖስ ማኅበር ጠቅላይ አለቃ የነበሩት እኚህ ካህን፣ ከሕዝቡ መካከል እንደ ማንኛውም ተመልካች ተቀምጠው የጨዋታውን ፍጻሜ በጭንቀት ሲጠባበቁ ይታያሉ።

እንግዲህ አንድን ቡድን በታማኝነት መደገፍ ምን ማለት ነው? ከዚህስ ስለ ታማኝነት የምንማረው ነገር ይኖራልን? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. የጨዋታው ጠባይ

ቤዝቦል በዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች የሚካሄድ ጨዋታ ነው። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ኳሱን በሚገባ የመታ ሰው በሜዳው ማዕዘኖች ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች አልፎ ወደ ተነሣበት ቦታ ሲመለስ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ጨዋታው እንደ እግር ኳስ በ90 ደቂቃ አይገደብም። ዘጠኙ ዙር እስኪፈጸም ይቀጥላል፤ እኩል ከሆኑም ዙር ይጨመራል። ስለዚህ እየተመራ ያለ ቡድን የመጨረሻው መቺ እስኪወጣ ድረስ ተስፋው አይቋረጥም።

ሁለተኛው ጠባይ የውድድሩ ርዝመት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከፀደይ እስከ መስከረም መጨረሻ 162 ጨዋታዎችን ያደርጋል፤ ይህም በየዕለቱ ማለት ይቻላል። እጅግ የተዋጣለት ቡድን እንኳ በዓመት ውስጥ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ሊሸነፍ ይችላል። ከ10 ሙከራው ሦስቱ የተሳካለት መቺም ከምርጦቹ መካከል ይቆጠራል። በዚህ ጨዋታ መሸነፍ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የየዕለቱ እንጀራ ነው። ይህን ጨዋታ የሚከታተል ሰው ሳይወድ በግድ ትዕግሥትን ይማራል።

፪. የኋይት ሶክስ ታሪክ

ኋይት ሶክስ፣ ትርጓሜውም «ነጭ ካልሲዎች» ማለት ነው፣ በ1901 በተቋቋመው የአሜሪካን ሊግ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ቡድኖች አንዱ ነው። በ1906 ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የፍጻሜ ውድድር የከተማውን ተቀናቃኝ ካብስን አሸነፈ። በ1917 ደግሞ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በታሪኩ ላይ ታላቅ እድፍ ወደቀ። በ1919 የፍጻሜ ውድድር በሲንሲናቲ ሬድስ ተሸነፈ፤ ኋላም ስምንት ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ጨዋታውን ሆን ብለው ለመልቀቅ ተስማምተዋል ተብለው ተከሰሱ። ወርዋሪው ኤዲ ሲኮት 10,000 ዶላር መቀበሉን በ1920 በምርመራ ላይ አመነ። በ1921 ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብታቸውም፣ የቤዝቦል የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዳኛ ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ በማግስቱ ስምንቱንም ዕድሜ ልካቸውን ከጨዋታው አገዱ። እገዳው ሙታንን እንደማይመለከት ተወስኖ ስማቸው ከታገዱት መዝገብ የወጣው በሜይ 2025 ነው።

ከ1917 በኋላ ቡድኑ እንደገና ሻምፒዮን ለመሆን 88 ዓመታት ወሰደበት። በ1959 ለፍጻሜ ቢደርስም በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተሸነፈ። ብዙ አባቶች ለልጆቻቸው ፍቅሩን አውርሰው፣ ድሉን ሳያዩ አለፉ። በመጨረሻ በ2005 ሂውስተን አስትሮስን አራት ለባዶ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከላይ የተጠቀሰው ምስል የተቀረጸው በዚያ ፍጻሜ የመጀመሪያ ቀን ሲሆን፣ ኋይት ሶክስ 5 ለ 3 አሸንፎ ነበር።

ከዚያ ደስታ በኋላስ? በ2024 ቡድኑ 41 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 121 ጊዜ ተሸነፈ። ከ1900 ወዲህ በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም። በመካከሉም 21 ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸንፏል። እንግዲህ ዓለም አዲሱን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የኋይት ሶክስ ደጋፊ መሆናቸውን ያወቀው ቡድኑ በውርደቱ ጥልቅ በነበረበት ወራት ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር በጠቅላላ ትምህርታቸው ዕለት የቡድኑን ቆብ ደፍተው ታዩ። በቺካጎ ክለቡም በ2005 ተቀምጠውበት በነበረው ስፍራ አጠገብ መታሰቢያ ሥዕል አደረገ።

፫. የታማኝ ደጋፊ ሦስት ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት በሽንፈት ጊዜ አለመለየት ነው። ዋንጫ ሲነሣ እልል የሚል ብዙ ነው፤ የቁርጥ ቀን ወዳጅ ግን ጥቂት ነው። 121 ጊዜ የተሸነፈውን ቡድን ለማየት በዝናብና በብርድ የመጣ ሰው ከቡድኑ የሚያገኘው ጥቅም የለም። የመጣው የራሱ ስለሆነ ነው። ታማኝነትን ከንግድ የሚለየው ይህ ነው፤ ነጋዴ ትርፍ በሌለበት አይቆይም፤ ወዳጅ ግን ይቆያል። በትዳር፣ በጓደኝነት፣ በማኅበር ሕይወትም የምንፈተነው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ምልክት እውነትን አለመሸሸግ ነው። የ1919ን በደል «የእኛ ልጆች ናቸውና ዝም እንበል» ብሎ መሸፈን ፍቅር አይደለም። የሚወዱትን ሰው ወይም ማኅበር ጥፋት አውቆ፣ ጥፋትን ጥፋት ብሎ፣ ነገር ግን ትቶ አለመሄድ ከሁሉ የከበደ ታማኝነት ነው። ቡድኑን ከነእድፉ ያልተዉት ደጋፊዎች ይህን ሸክም በትውልድ ተሸከሙት። ጥፋትን የሚክድ ፍቅር ከመታለል አይሻልም፤ በጥፋት ምክንያት ወዲያው የሚጠፋ ፍቅርም ሥር አልነበረውም።

ሦስተኛው ምልክት ሌላውን አለመጥላት ነው። በዚህ ረገድ ከሰሜኑ ወገን፣ ከካብስ ሜዳ፣ አሳዛኝ ምሳሌ እናገኛለን። ኦክቶበር 14 ቀን 2003 ካብስ 3 ለ 0 እየመራ፣ ወደ ፍጻሜው ውድድር ለመግባት አምስት የተጋጣሚ ተጫዋቾችን ማስወጣት ብቻ ቀርቶት ሳለ፣ ወደ ተመልካቹ የመጣችውን ኳስ ለመያዝ ብዙዎች እጃቸውን ዘረጉ፤ ኳሷም የአንዱን ወጣት እጅ ነካች። ከዚያ በኋላ የፍሎሪዳ ማርሊንስ ቡድን በአንድ ዙር ስምንት ነጥብ አስቆጠረ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኳስ መሳታቸው ተዘንግቶ ጥፋቱ ሁሉ በወጣቱ ላይ ተጫነ። ሕዝቡ ሰደበው፤ ዕቃ ወረወረበት፤ በጠባቂዎች ታጅቦ ወጣ። በይፋ ይቅርታ ቢጠይቅም ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ለመኖር ተገደደ። ያም ወጣት እንደ ሰዳቢዎቹ ሁሉ የካብስ አፍቃሪ ነበር! ካብስ ከ108 ዓመት ጥበቃ በኋላ በ2016 ሻምፒዮን ሲሆን፣ ክለቡ በ2017 ለእርሱም የሻምፒዮናውን ቀለበት ሰጠው። መልካም ካሣ ነበር፤ ይሁን እንጂ 14 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የፕሬቮስትን ቤት እንመልከት። ወንድማቸው እንደተናገሩት፣ እናታቸው የካብስ፣ አባታቸውም የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ደጋፊዎች ነበሩ። ልጁ ደግሞ ኋይት ሶክስን መረጠ። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሦስት ቡድን! ልዩነት በፍቅር ከተያዘ የቤት ጨዋታና ሣቅ ይሆናል፤ ያለ ፍቅር ከተያዘ ግን ድንጋይ ያስወረውራል።

፬. ለእኛ የሚሆን

በአገራችንም የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና፣ ከባሕር ማዶም የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ወጣቶች በቁምስናችን ውስጥ ብዙ ናቸው። እነዚህን ወጣቶች «ከንቱ ነገር ተከተላችሁ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ግን አያንጽም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫን ሜዳ ምሳሌ ማድረጉን እናስታውስ። የሚሻለው «የምትወደውን ቡድን ስትከተል ምን ዓይነት ሰው ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውን ትዕግሥተኛ፣ እውነተኛና ለተሸነፈ የሚራራ ካደረገው፣ ጨዋታው መልካም ትምህርት ቤት ሆኖለታል። ወንድሙን እንዲሰድብ፣ የቤቱን ገንዘብ በውርርድ እንዲያጠፋ ካደረገው ግን፣ ደጋፊው ቀርቶ ባሪያ ሆኗል። የ1919 ውድቀት የጀመረው ከቁማርተኛ እጅ መሆኑን አንዘንጋ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የምንወደው ማኅበር ወይም ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው ስሜታችን ምንድር ነው? መራቅ፣ መካድ ወይስ አብሮ መቆየት?
2. በ2003 በዚያ ሜዳ ብንኖር ኖሮ ከወጣቱ አጠገብ ማን ይቆም ነበር?
3. በቤታችን ልዩ ልዩ ቡድን የሚደግፉ ልጆች ካሉ፣ ከአሸናፊው ምን ዓይነት ቃል፣ ከተሸናፊውስ ምን ዓይነት ጠባይ እንጠብቃለን?

መምህራን እነዚህን ጥያቄዎች ከወጣቶች ጋር ሲወያዩባቸው፣ መልሱን ከመስጠት ይልቅ ማዳመጥን ያስቀድሙ። ታማኝነት በቃል ከሚነገረው ይልቅ፣ በተሸነፉበት ቀን አጠገባቸው በተቀመጠ ሰው ይበልጥ ይታወቃቸዋልና።