ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ ስለ ጆሮ፣ ስለ አፍንጫና ስለ ራስ ቅል ነርቮች አጭር ጥናት



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ተረቱ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሳይሰማ እንደሚቀር ይነግረናል። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ሌላ ትርጉም አገኘንለት።

3ኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ሲጠሩት አይመልስም፤ ቃል ጽሕፈት ሲሰጥ የጎረቤቱን ደብተር ያያል። «ይኼማ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል» አልንና ሁለት ቀን አንበረከክነው። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ በጥፊ ሊለው እጁን ሲያነሣ የክፍሉ አለቃ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ጆሮውን ያመዋል!» አለች። ጠጋ ብለን ስናይ ከግራ ጆሮው መግል ይፈሳል። እንዴት እንዳፈርን አይነገርም። ይህን ጥናት ያዘጋጀነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጆሮ በሦስት ይከፈላል።

1ኛ/ ውጪያዊ ጆሮ፦ ከውጪ የሚታየው ክፍል ድምፅን ሰብስቦ ወደ ቦዩ ይልካል። ቦዩ በአዋቂ ሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በውስጡ የሚገኘው ኩክ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ቆሻሻ ሳይሆን አቧራና ትንኝ የሚይዝ ዘበኛ ነው፤ ቀስ እያለም ራሱ ይወጣል። በክብሪት እንጨት ወይም በፀጉር ሽቦ ስንጎረጉረው ግን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። በቦዩ መጨረሻ ታምቡሩ አለ። ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ስስ ቆዳ ስለሆነ በሹል ነገር ይበሳል፤ በጥፊም ይቀደዳል።

2ኛ/ መካከለኛ ጆሮ፦ ይህ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል ነው። በውስጡ በቅርጻቸው የተሰየሙ ሦስት አጥንቶች ተያይዘዋል፤ እነሱም መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ናቸው። እርካብ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ከሰው አጥንት ሁሉ ትንሹ ነው። ለመሆኑ እነዚህ አጥንቶች ለምን አስፈለጉ? ከነሱ ወዲያ ያለው ውስጣዊ ጆሮ በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ የአየር ንዝረት ደግሞ ፈሳሽ ሲነካ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። ሰፊው ታምቡር የተቀበለውን ኃይል ጠባቡ የእርካብ እግር ላይ ሲያሳርፈው ግን ግፊቱ ወደ 20 ጊዜ ያህል ይጨምራል። የሚስማር ጫፍ ሹል በመሆኑ እንጨት እንደሚበሳ ማለት ነው።

ከዚህ ክፍል ተነሥቶ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቱቦ አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን በነበረው ኢጣልያዊ ሐኪም በኤውስታኪ ስም ይጠራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ ስንወርድ ጆሯችን ድፍን ይልና ምራቅ ስንውጥ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ የተከፈተው ይኸው ቱቦ ነው። በሕፃናት ላይ ቱቦው አጭርና አግድም ስለሆነ የጉንፋን ተሕዋስያን በቀላሉ ያልፉበታል። ክፍሉ መግል ይቋጥራል፤ ታምቡሩ ሲቀደድም መግሉ ወደ ውጪ ይፈሳል።

3ኛ/ ውስጣዊ ጆሮ፦ እንደ ቀንድ አውጣ ሁለት ዙር ተኩል የተጠቀለለው አካል በፈሳሽ የተሞላ ነው። በውስጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው፤ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከአጠገባቸው ያሉት ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች ሚዛናችንን ይጠብቃሉ። ልጆች ተሽከርክረው ሲቆሙ የሚያዞራቸው የቦዮቹ ፈሳሽ ገና መሽከርከሩን ስላላቆመ ነው።

አፍንጫ፣ ሳይነስና ነርቮች፦ በግንባር፣ በጉንጭና ከአፍንጫ በስተጀርባ ባሉት አጥንቶች ውስጥ አራት ጥንድ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ ሳይነስ ይባላሉ። ፈሳሻቸው በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይወጣል። በጉንፋን ጊዜ ቀዳዳው ሲያብጥ ፈሳሹ ይጠራቀምና ግንባራችንን ይከብደናል።

ከአንጎል 12 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። 1ኛው ለማሽተት፣ 2ኛው ለማየት፣ 8ኛው ለመስማትና ለሚዛን ያገለግላሉ። የፊት ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው 7ኛው ደግሞ በመካከለኛው ጆሮ ግድግዳ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የቆየ የጆሮ መግል ፊትን ሊያጣምም ይችላል፤ ሰው «ብርድ መታው» ብሎ ያልፈዋል እንጂ! መግሉ አጥንቱን ሰርስሮ እስከ አንጎል የሚደርስበትም ጊዜ አለ።

መርጃ መሣሪያ፦ በባዶ ጣሳ አፍ ላይ ፌስታል ወጥሮ ማሰር፤ ጥቂት ጤፍ መበተን፤ ከአጠገቡ ጮክ ብሎ መናገር። ጤፉ ይዘላል። ታምቡርን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

እንግዲህ ከመምህር ምን ይጠበቃል?

ሀ/ የማይመልስ ልጅ ሲያጋጥም ከቅጣት በፊት ጆሮውን መጠራጠር። ከኋላው በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ፣ አንዱን ጆሮ አስደፍኖ፣ በሹክሹክታ ቃል ማስደገም ይቻላል።

ለ/ በደንብ የማይሰማውን ከፊት ማስቀመጥ፤ ደህናው ጆሮ ወደ መምህሩ ይሁን። ወደ ሰሌዳ ዞሮ አለመናገር።

ሐ/ መግል የሚፈሰውን ልጅ ወላጆቹን አነጋግሮ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ማድረግ። ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ እንዳይጨምሩበት መምከር። ማጅራት ገትርና ጆሮ ደግፍም መስማትን ሊያሳጡ ስለሚችሉ ታሞ የተመለሰን ልጅ መከታተል።

መ/ ጆሮ ግንድ ላይ ፈጽሞ አለመምታት።

ልጁን ከፊት አስቀመጥነው፤ እናቱንም አስጠርተን አነጋገርናቸው። ልምምዱ ሲያልቅ ሕክምናው አላለቀም ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ቃል ጽሕፈት ከ10 ቃላት 7ቱን ራሱ ጻፈ። ያንበረከክነውን ሁለት ቀን ግን ልንመልስለት አልቻልንም።

መልመጃ፦
1. ጉንፋን ከአፍንጫ ወደ ጆሮ የሚያልፈው በምን በኩል ነው?
2. እርካብ ባይኖር ድምፅ ምን ይሆን ነበር?
3. በክፍልህ ወይም በክፍልሽ «አይሰማም» የሚባለው ልጅ፣ እምቢ ብሎ ነው ወይስ እውነት አልሰማ ብሎት?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም ለመምህሩ ባዳ መሆን የለበትም።