ቀጭኗ የዘይት ቀዳዳ
የሎደር ሃይድሮሊክ ቱቦ ሲበላሽ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ባለፈው ግንቦት ለሥራ ጉብኝት ወደ ቢላ በሄድን ጊዜ፣ በአንድ አጥቢያ የቅጽር ድንጋይ የሚያመላልስ ባለ ሎደር ትራክተር ቆሞ አገኘን። ባኬቱን ከሚያነሣው ክንድ ሥር ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ከልማት ኮሚቴው አባላት አንዱ ቀዳዳውን በጣቱ ሊፈልግ እጁን ሲዘረጋ ሾፌሩ ጮኾ አስቆመው። ይህን ትምህርት ያስጻፈን ያ ጩኸት ነው።

በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ሁለት ባር ተኩል ያህል ነው። በትራክተር ሎደር መስመር ውስጥ የሚሠራው ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ባር ይደርሳል። በዚህ ግፊት በመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ የሥራ ጓንትም አያግደውም። ቁስሉ እሾህ የወጋው ይመስላል፤ ሕመሙም በመጀመሪያ ቀላል ሊሆን ስለሚችል ተጎጂው ‹‹ነገ ይሻለኛል›› ብሎ ይተኛል። ዘይቱ ግን በጅማቶች መካከል እየሰረገ ሥጋን ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ነቀምቴ መውሰድ፣ ለሐኪሙም ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት እንደገባበት መንገር ያስፈልጋል። ፍሳሹ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ እንጂ በእጅ አይደለም።

ቱቦውን በጨርቅ፣ በሽቦ ወይም በጎማ ላስቲክ መጠቅለል ጥገና አይባልም፤ የተበሳ ቱቦ ይለወጣል። ከመፈታቱ አስቀድሞ ባኬቱ መሬት ላይ ያርፋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ በመስመሩ የቀረው ግፊት እንዲወጣ የመቆጣጠሪያው ማንሻዎች ወደየአቅጣጫው ደጋግመው ይንቀሳቀሳሉ፣ ዘይቱም እስኪበርድ ይጠበቃል። ባኬቱ ከፍ ብሎ ከቀረ ክንዱ በጠንካራ ድጋፍ ይያዛል፤ ያለ ድጋፍ ማንም ከሥሩ አይግባ። መጋጠሚያው በብሩሽ ከተጠረገ በኋላ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው እያዞረ፣ ቀስ ተብሎ ይላላል። ክፍት የቀረው አፍ ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይደፈን፤ የወለጋ ቀይ አቧራ ወደ መስመሩ ከገባ ፓምፑን ይበላዋል።

አሮጌው ቱቦ አይጣል። ነቀምቴ ለሚገዛው ሰው ከርዝመቱ ይልቅ የውስጥ ስፋቱ፣ የጥርሱ ዓይነት፣ የጫፎቹ አቅጣጫና በላዩ የተጻፈው የግፊት መጠን ይበልጥ ያስፈልጉታልና ይዞት ይሂድ። የነዳጅ ወይም የውኃ ቱቦ በምትኩ አይገባም። የተሰነጠቀው የብረት ቧንቧ ከሆነም በመንደር ብየዳ አይደፈን፤ የቀረው ዘይት እሳት ሊያስነሣ ይችላል፣ ብየዳውም ግፊቱን አይችልም። ገንዘብ ያዦቻችን በዚህ ቢቆጡን አንፈርድባቸውም፤ ለአንድ ቱቦ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ቀላል ወጪ አይደለም።

አዲሱ ቱቦ ሲገጠም መጠማዘዝ የለበትም፤ በጎኑ የተጻፈው መስመር ቀጥ ብሎ ከታየ ቱቦውም ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ግፊት ሲያገኝ ርዝመቱ ስለሚለዋወጥ ጥቂት ልል ይደረግለት። አሮጌው የተበሳው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ከሆነ ያ ቦታ ካልተስተካከለ አዲሱም በዚያው ይበሳል። ከዚያ የአምራቹ መመሪያ ያዘዘው ዘይት ይሞላል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ ሰው ከአጠገቡ ርቆ፣ አየሩ እስኪወጣ ባኬቱ ደጋግሞ በቀስታ ይነሣል፣ ይወርዳል። በመጨረሻ ባኬቱ መሬት ነክቶ የዘይቱ መጠን እንደገና ይታያል።

የፈሰሰውን ዘይት በሚመለከት፦ ምስጥ በሚያስቸግርበት በዚህ አገር ብዙዎች የተቃጠለ ዘይት የአጥር ቋሚ ይቀቡበታል። ከጠበሉ፣ ከምንጩና ከቡናው ሥር ግን ይራቅ፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ቢመለስ ይሻላል።