ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር፦ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ የማይቸኮልበት ጉዞ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሳይመሽ ጣና ዳር መድረስን ነው። መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማልዶ ለተነሳ በአንድ ቀን ይደረሳል። ግን በዚያ ጥድፊያ የሚታለፈው አገር የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ከደምበጫ ወዲያ ያለው የምዕራብ ጎጃም ሜዳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ግሽ ዓባይ የሚወጣው ደጋ ሻይ ተጠጥቶ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ቀን ይያዙለት። የመጀመሪያውን ሌሊት ፍኖተ ሰላም፣ ሁለተኛውን እንጅባራ አድረው በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር ይገባሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ያረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ይህ መስመር ደጋግሞ ተዘግቷል። ፍኖተ ሰላምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም በደረሰባት የአየር ጥቃት ነዋሪዎቿን ቀብራለች። ከወር በፊት የሰሙት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። በመነሻዎ ዋዜማ ማታና በማግስቱ ጠዋት፣ ሊያድሩበት ወዳሰቡት ሆቴል ደውለው ይጠይቁ፤ በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችንም ያነጋግሩ። የአውቶቡስ ድርጅቶች ትኬት መቁረጥ አቁመው ከሆነ እርስዎም ይቅሩ። ሲጓዙ መታወቂያ ከእጅዎ አይራቅ፤ ወታደር፣ ኬላና ድልድይ ፎቶ አያንሱ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አይገኙ። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል የት የት እንደሚያድሩ አስቀድመው ለቤተሰብ ይንገሩ። ባንክም በኔትወርክ ስለሚሠራ ለሦስት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ነዳጅም ባገኙበት ሁሉ ይሙሉ እንጂ «ቀጣዩ ከተማ እቀዳለሁ» አይበሉ።

ወቅቱን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በመንገዱ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይሸጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አገሩ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ዝናቡ ከባድ ነው፤ የዓባይ በረሃ መንገድ ናዳ ይወርድበታል፤ ከአስፋልቱ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶችም በጭቃ ይዘጋሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቧራና ጭጋግ ስለሚበዛ ከሩቅ የሚታየው ተራራ ይጠፋል።

ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ ከወጡ ረፋድ ላይ ጎሐ ጽዮን ይደርሳሉ። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ መኪና ገደሉ ግማሽ ላይ መሽተት ይጀምራል። የጭነት መኪኖችን ለመቅደም አይጣደፉ፤ አስፋልቱ በክብደት ተጨራምቶ ጎማ የሚስብባቸው ቦታዎች አሉ። ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ቆመው የገደሉን ግድግዳ ይመልከቱ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር ሆኖ ይታያል። ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ውኃ ይያዙ። ወንዙን የሚሻገሩበት 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተመረቀ ሲሆን፣ አሮጌው ድልድይ አጠገቡ አለ።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ትመቻለች። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች የቀድሞዋ መንቆረር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች። ራሷን የቻለ ጉብኝት ስለምትፈልግ በዚህ ጉዞ በልተው ይለፏት።

ከማርቆስ በኋላ የወንዞቹን ስም ልብ ይበሉ። ዓባይ ከጣና ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ይከባል፤ እርስዎ ጠዋት በረሃው ውስጥ የተሻገሩት ከዚያ ዙሪያ አንዱን ነጥብ ነው። ከአሁን በኋላ የሚያገኟቸው ተምጫ፣ ብርና ፈታም ሁሉም ወደ ደቡብ ወርደው ዓባይ የሚገቡ ናቸው። ቡሬን አልፈው ወደ እንጅባራ ሲወጡ ግን ውኃው አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ይፈሳል። ይህን ካወቁ ከመኪናው መስኮት የሚያዩት እያንዳንዱ ድልድይ ትርጉም ይኖረዋል። በስተቀኝዎ በጠራ ቀን የጮቄ ተራሮች ረጅም ጀርባ ይታያል፤ ከእነዚህ ወንዞች ብዙዎቹ ውኃ የሚያገኙት ከዚያ ነው።

አማኑኤልን፣ ደምበጫንና ጅጋን ካለፉ በኋላ ከአዲስ አበባ በ387 ኪሎ ሜትር ርቀት ፍኖተ ሰላም ይገባሉ። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የጥንት ስሟ ወጀት ነበር። ከማርቆስ ይልቅ ወደ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሩ ለስለስ ይላል፤ ማታ ወጣ ብሎ ለመቀመጥ ይመቻል። ሀውልትና ሙዚየም ፍለጋ የሚመጣ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም። የሚያገኘው የጎጃምን ገበሬ ገበያ፣ ትርፉንና ኑሮውን ነው። ስለዚህ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ወደ ሆቴልዎ ሲደውሉ ይጠይቁና ጉዞዎን ከዚያ ጋር ያስማሙ። ቅቤ፣ ማር፣ ኑግ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ ሁሉም ከአምራቹ እጅ ይገኛል። ቅቤ የሚገዛ ሰው አዋቂ ይዞ ይሂድ፤ በረንዳ ላይ ያሉ እናቶችን ጠርተው እንዲያሸትቱልዎ ቢጠይቁ በደስታ ነው የሚያደርጉት።

ከተማዋን የከበባት የጃቢ ጠህናን ወረዳ ነው። በበጋም ቢሆን እዚህ መሬቱ አያርፍም፤ እንደ ገራይ ባሉ የመስኖ ቦታዎች ሽንኩርትና አትክልት ይለማል። ማለዳ ላይ ከከተማው ወጣ ብለው በእግር ይሂዱ። ገበሬው ቁምጣውን ለብሶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያልፍ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት «እንዴት አደሩ» ይበሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ አያቋርጡት። ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ከተጠያየቁ በኋላ ፎቶውን ራሳቸው ይጋብዙዎታል፤ ካልጋበዙዎትም ይተዉት። ጠላ ቤት ቢጠሩዎ ይግቡ፤ መኪና የሚነዳው ሰው ግን አይጠጣ፤ በተለይ አረቄው ቀልድ አያውቅም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የራሱ መኪና የሌለው በሚኒባስ ይሄዳል። በመሀል ማንኩሳ አለች። አማርኛ የሚያነብ ሰው ይህችን ስም ሲሰማ መቆም ይኖርበታል፤ በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የዋና ገጸ ባሕርዩን የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ ያኖራቸው ማንኩሳ ነውና። መንገዱ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ለመጽሐፉ ብላ የምታሳየው ብዙ ነገር የለም። ግን ከመኪና ወርደው አካባቢውን ሲያዩ፣ በዛብህ ትቶት የሄደው አገር ምን ያህል ለምለም እንደነበር ይገባዎታል። መጽሐፉን ያላነበበ አብሮ ተጓዥ ካለ ከጉዞው በፊት ይስጡት።

ቡሬ የመስቀለኛ መንገድ ከተማ ናት። ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ በቁጭ በኩል ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከዓባይ ማዶ ለሚመጣ ነጋዴ ቡሬ ከድሮም በር ነበረች። ሌላው መንገድ ወደ ሽንዲና ወንበርማ ይሄዳል። የቡሬ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከመጡ በየደጁ ተሰጥቶ ሲደርቅ ያዩታል፤ መስኮት ዘግተውም ቢነዱ ሽታው ይገባል። ለዓመት ቀለብ የሚሆን በርበሬ የሚገዛ ሰው ቀለሙ ደማቅ፣ ዛላው ሙሉና በደንብ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጥ፤ እርጥብ ከሆነ በጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ከተማዋ ከገጠር ገበያነት ወደ ኢንዱስትሪ እየተሻገረች ነው፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ ነው፤ በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም እንዲሁ።

ታሪክ የሚወድ ተጓዥ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለውን መንገድ የ1933 ዓ.ም የነፃነት ጦርነት ሜዳ አድርጎ ሊያየው ይችላል። የእንግሊዙ ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና የጎጃም አርበኞች ጣሊያንን ከቡሬ ያስለቀቁት በየካቲት መጨረሻ ነበር፤ ማንኩሳና ደምበጫ ላይም ውጊያ ተደርጓል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ መስመር ተጉዘው በመጋቢት ማብቂያ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። በየመንደሩ የአርበኛ ልጅና የልጅ ልጅ አይታጣም፤ ካፌ ተቀምጠው ሽማግሌ ቢጠይቁ ብዙ ይሰማሉ።

ከቡሬ ወደ ቲሊሊ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል። በዚህ አካባቢ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀኝ የሚሄደው መንገድ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ያደርሳል። ጣና የሚገባው የግልገል ዓባይ መነሻ ምንጭ እዚያ ነው። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ይህን ምንጭ አይተው ጽፈዋል። ለአገሩ ሰው ግን ቦታው ጸበል ነው፤ ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ጋር ተያይዞ ይከበራል፤ ምእመናን ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ወደ ጸበሉ የሚቀርብ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወደ ጸበሉ ለመቅረብ ካሰቡ ቁርስዎን ያቆዩ፤ ጫማ ማውለቅን፣ ነጠላ መልበስንና የት ድረስ መግባት እንደሚቻል አገልጋይ ካህናቱን ይጠይቁ፤ የሚሉዎትንም ያለክርክር ይፈጽሙ። ምንጩ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። ትልቅ ፏፏቴ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ይህች ውኃ የት እንደምትደርስ የሚያስብ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ቆሞ ያያታል። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ዝናብ ከዘነበ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል፤ ግማሽ ቀን ይመድቡለት።

ለሁለተኛው ሌሊት እንጅባራ ሲገቡ ጃኬት ይደርቡ፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከመግባትዎ በፊት በመንገዱ አጠገብ ያለውን ዘንገና ሐይቅ ያያሉ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ጥልቅ ሐይቅ ነው። በአዊ ዞን ኮረብታዎች ላይ በረድፍ የተተከለው ዛፍ ዲከረንስ ይባላል፤ ገበሬው ለከሰል ያለማዋል፤ በየመንገዱ ዳር የተደረደረው ጆንያ የእሱ ነው። ጉዞዎ ጥር ላይ ከሆነ ከጥር 23 ጋር ያገናኙት፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ የሚከበረው ያን ቀን ነው፤ አልጋ ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

የሦስተኛው ቀን መንገድ ቀላል ነው። ዳንግላንና ዱርቤቴን አልፈው ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ይሻገራሉ፤ ትናንት በምንጩ ያዩት ውኃ እዚህ ወንዝ ሆኗል። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተሠራው የቆጋ መስኖ ይገኛል፤ በበጋ ሌላው አገር ደርቆ ሳለ ይህ ሜዳ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ከጉዞው የሚቀንሰው ባሕር ዳርን ይሁን። እሷን በሌላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ይደርሱባታል፤ ማንኩሳ፣ ቡሬና ግሽ ዓባይ ግን በመኪና ብቻ ነው የሚደረሱት።