አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ



ባለፈው ሳምንት በስፖርት ክፍለ ጊዜ የክፍላችንን ቡድን አምበል ስንመርጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። የተመረጠው ልጅ ዘንድሮ ከድሬዳዋ የመጣ ነው። "መጤ እንዴት አምበል ይሆናል?" ያሉ ነበሩ። እውነት ለመናገር አንዱ እኔ ነኝ። (ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጤ ያልሆነ ማን እንዳለ ግን አላሰብኩም።) ማታ ለአባቴ ስነግረው "የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣልንን አምበል ታውቀዋለህ?" አለኝ። አላውቀውም ነበር። ከዚያ አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበሩ። በዚህ የተነሣ በልጅነቱ ከዚህም ከዚያም ወገን ተሰድቧል። መጀመሪያ የተጫወተበት ስቴላ አስማሪና የተባለው ቡድንም እንደሱ ያሉ ክልስ ልጆች የተሰባሰቡበት ነበር። በሙያው መካኒክ ነው። በኋላ ድሬዳዋ ሄዶ "ኮተን" ለሚባለው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ። ድሬዳዋ ስል የኛ አምበል ትዝ አለኝ!

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ ልምጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለዋንጫ። ግብፅ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ሁለቴም 4 ለ 0 አሸንፋናለች፤ እና ማን አይፈራም? በ35ኛው ደቂቃ አገቡብን። በ74ኛው አቻ ሆንን። ሕዝቡ ጨፍሮ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደግመው አገቡ! በ84ኛው ደቂቃ ራሱ አምበሉ ሉቺያኖ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። 90 ደቂቃ በአቻ ሲያልቅ 30 ደቂቃ ይጨመራል። በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2! አሰልጣኛችን ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያላት የአፍሪካ ዋንጫ እሱ አንድ ብቻ ነው።

መጫወት ሲያቆም አሰልጣኝ ሆነ። ተጫዋች የሚያየው ኳሷንና አጠገቡ ያለውን ሰው ነው፤ አሰልጣኝ ግን ሃያ ሁለቱንም ማየት አለበት፤ ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ አሰልጣኝ አይሆንም። እሱም ይህን አውቆ ጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ ውስጥ ባለው የኮቬርቻኖ ማዕከል ገብቶ አሰልጣኝነት ተማረ። ቅዱስ ጊዮርጊስንና ብሔራዊ ቡድናችንን አሠልጥኗል። በደርግ ዘመን ግን በጅቡቲ በኩል ተሰዶ ጣሊያን ገባና እዚያው ኖረ። መስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። ይህ ሰው እኛ ከተወለድን በኋላም በሕይወት ነበር፤ ስሙን የሰማሁት ግን አሁን ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ቅዳሜ ከ7ኛ "ለ" ጋር እንጫወታለን። አምበሉ ያው ከድሬዳዋ የመጣው ልጅ ነው። እኔ በግራ በኩል ተከላካይ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄው "ችግር የለም" ብሎኛል፤ ኳስ ግን እስካሁን ብዙም አያቀብለኝም።