ምድብን የሚወስነው የልደት ወር፦ ከአዊ ዞን ወደ ክልል የብስክሌት ውድድር

ሁለት የዳንግላ ጓደኛሞች አሉ እንበል። ሁለቱም በ2000 ዓ.ም. ተወልደው አንድ ክፍል ተምረዋል፤ አንዷን ብስክሌት እየተቀባበሉ ነድተዋል። አንዱ የኅዳር፣ ሌላው የየካቲት ልጅ ነው። መጋቢት 2018 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ደንብ በሚመራ ውድድር ቢሰለፉ ግን ይለያያሉ፦ የየካቲቱ በጁኒየር፣ የኅዳሩ ከ23 ዓመት በታች ምድብ ይገባል።

የሚለያያቸው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዕድሜን የሚያሰላው ውድድሩ ከሚካሄድበት የአውሮፓውያን ዓመት ላይ የልደት ዓመትን በመቀነስ እንጂ የልደት ቀን በመጠበቅ አይደለም። 17 እና 18 የሚመጣለት ጁኒየር፣ ከ19 እስከ 22 ከ23 ዓመት በታች፣ ከዚያ በላይ ያለው ኤሊት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ መቁጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 የተወለደ በልደት ዓመቱ ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ይደምራል። ታኅሣሥ 22 የተወለደ ብቻ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ሰንጠረዥ ማየት አለበት። ለምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የነሐሴ 1983 ልጅ ነው፤ 8 ሲደመር 1991 ይሆናል። የጁኒየርነቱ የመጨረሻ ዓመት 2009 እ.ኤ.አ. ነበር ማለት ነው። የዞንና የክልል አዘጋጆች የራሳቸውን የዕድሜ ገደብ ሊያወጡ ስለሚችሉ የውድድሩ ደንብ እስከ መጨረሻው ይነበብ።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ ለጁኒየር የደረሰ ወጣት የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዘግይቶ ማውጣት ግድ ይለዋል። በልደት ወረቀቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ስሙና ቀኑ አንድ መሆኑን አስቀድሞ ያመሳክር። ምዝገባውን በወረዳው ወይም በከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ለክልል ውድድር ተወዳዳሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰለፈው በክለብ ወይም በዞን ቡድን ነው።

ብስክሌቱ አዲስ መሆን የለበትም፤ ጤነኛ ይሁን። ፍሬኑ ይያዝ፣ ካቴናው ይጽዳ፣ ጎማው አይሰንጠቅ። ውድድሩ የኮርስ ይሁን የማውንቴን አስቀድሞ ይጣራ። ሄልሜት ለድርድር አይቀርብም፤ ካዛክስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ በ2003 እ.ኤ.አ. በፓሪስ-ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ግዴታ ሆኗል።

ለልምምድ አዊ የታደለ ነው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በአዲስ ቅዳም በኩል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ እንጅባራ ሲሄዱ ዳገቱ ያመዝናል፤ ለጀማሪ እስከ አዲስ ቅዳም ደርሶ መመለስ ይበቃዋል። መንገዱ ግን የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር ዋና መስመር ነው፤ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ከሰል የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅና ጋሪ ይጋፉበታል። ማልዶ መውጣት፣ ደማቅ ልብስ መልበስና ቀኙን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከመውጣት በፊትም የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ። ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ እንጅባራ ውስጥ ለልምምድ ቦታ አይገኝም።

በውድድሩ ዕለት የለመዱትን መብላት ይሻላል፤ የተቀቀለ የአዊ ድንችና በሶ አቅም ይሰጣሉ። ተወዳዳሪው ቀድሞ ደርሶ ይፈርም፣ ቁጥሩን ዳኛ በሚያየው በኩል ይለጥፍ፣ ከመነሻው ጀምሮም ከፊቱ ካለው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ ይከለል። ብቻውን ነፋስ እየገፋ የሚነዳ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ይደክማል።

የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ያድርጉ፦ በምዝገባ ቅጹ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የሚሞላበት ቦታ ይተዉ።